«አጥፍቼዋለሁ» ሲሉ የማናምናቸው እትዬ

እስቲ አንዴ ጸጥታ። ከኋላ ያላችሁ፣ ወንበር መጎተቱን ተዉትና ስሙኝ። ኬኩ የትም አይሄድም፤ ብቻ ሹፌራችንን ከአጠገቡ አንሡና ወደዚህ ወደ ፊት አምጡልኝ።

እትዬ፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ ላይ ስለ እርስዎ እንድናገር የተመረጥኩት እኔ መሰላል የምትሉኝ ነኝ። ለምን እኔ ብዬ ሥራ አስኪያጃችንን ብጠይቀው «ረጅም ነህ፣ ከኋላም ትታያለህ» አለኝ። ስለ አንደበቴ ምንም አላለም። እንግዲህ ቻሉት።

እትዬ ሥራ የጀመሩበትን ቀን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ያኔ ቢሯችን ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ነበረች። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ረጅም ወረፋ ይሠራል። ሥራ በዝቶብን እንዳይመስላችሁ፤ የቅሬታ ወረፋ ነው። «ትናንት የሠራችሁት ዛሬ ጠፋ»፣ «ሳሎን ሳበራ መታጠቢያ ቤት ይበራል»፣ «ፍሪጁ ባሌን ነዘረው»። እትዬ ጥቁር ቦርሳቸውን ታቅፈው ሲገቡ ሥራ አስኪያጃችን ቀና ብሎም ሳያያቸው «እናቴ፣ ወረፋ ይያዙ» አላቸው። ያዙ። ከፊት ያለውንም ከኋላ ያለውንም «አንተን ምን ነካህ? አንቺስ?» እያሉ ሲያዳምጡ አረፈዱ። ተራቸው ደረሰና «የእርስዎስ ቅሬታ ምንድን ነው?» ሲላቸው፣ «እኔስ ቅሬታ የለኝም። በስልክ ተነጋግረን የቀጠርከኝ የባለሙያዎች ተቆጣጣሪ ነኝ። ወረፋው ላይ ስቆም ግን ብዙ ነገር ሰማሁና ቁጭ በል እንነጋገር» አሉት።

አሁን ይስቃል። ያን ቀን አልሳቀም።

በማግሥቱ ደግሞ ሻይ ከለከሉን። የሻይ ማፍያው የሚሰካበት ሶኬት ከግድግዳው ወጥቶ፣ ጠቁሮ፣ በፕላስተር ተጠምጥሞ ተንጠልጥሏል። እትዬ እሱን አዩት፣ እኛን አዩን፣ መልሰው እሱን አዩት። «ይህ የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት ነው አይደል?» አሉ። «ነው» አልን። «ይህን ያየ ሰው እናንተን ቤቱ ያስገባል?» አሉ። ማፍያውን ነቀሉና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ስንት ባለሙያ ባለበት ቤት አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሻይ ሳንጠጣ ከረምን። በመጨረሻ ሶኬቱን ማን እንደሠራው አልናገርም፤ ብቻ ያለ ሻይ መዋል የማይችል ረጅም ሰው ነው።

እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት ሲያብሰለስለን የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። እትዬ ለሰው ሁሉ ባለሙያ ይመርጣሉ። ለገዛ ቤታቸው ማንን ይመርጡ ይሆን? ስንጠይቃቸው «ቤቴ ደህና ነው» ይሉናል። «ቢበላሽስ?» ስንላቸው «ሲበላሽ ታያላችሁ» ይሉናል። እናንተዬ፣ «የምጠራው እኔ ነኝ» ብሎ ያልፎከረ አለ? ገንዘብ ያዣችን እንኳ፣ አምፖል መቀየር የምትፈራዋ፣ በምሳ ተወራርዳለች። ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። እትዬ ለደንበኛ «ጎበዝ ነው፣ ውሰጂው» ሲሉ ደስ ይለናል። ግን እሳቸው የራሳቸውን በር ለማን እንደሚከፍቱ ካላየን፣ እውነት አምነውናል ብለን እንዴት አፋችንን ሞልተን እንናገራለን? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለእንግዶቻችን ስል የእትዬን ፈተና ላውራ፤ እኛማ አልፎብናል። ለመቀጠር የመጣ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። እትዬ ወረቀቱን ያገላብጣሉ፣ የሙያ ፈቃዱ ጊዜው እንዳላለፈ ያያሉ፣ ከዚህ በፊት ለማን እንደሠራ ጠይቀው እዚያው ፊቱ ይደውላሉ። ሰውየው ጨረስኩ ብሎ ሲነሣ በዚያ ማር በሆነ ድምፃቸው «ና እስቲ ልጄ፣ ያችን የኮሪደር ሶኬት ቀይርልኝ» ይሉታል። «አጥፍቼዋለሁ፤ ንካው፣ አትስጋ።»

ሶኬቷ ከየትም መስመር ያልተያያዘች ባዶ ሶኬት ናት። ሙሉ ቀን ቢነካኳት አትነዝርም። ተፈታኙ ግን ይህን አያውቅም። እሳቸውን አምኖ፣ ኤሌክትሪክ ካለ የሚበራውን ቴስተሩን ሳያወጣ ካቻቢቴውን የሰደደ ሰው ነገሩ እዚያው ያበቃል። አንዱ፣ ወገቡ ላይ ያልተንጠለጠለ መሣሪያ የሌለው፣ ሲወድቅ ተቆጣ።

«እርስዎ ራስዎ አጥፍቼዋለሁ ብለውኝ!»

«አልኩህ።»

«ታዲያ እርስዎን አለማመን ነበረብኝ?»

«አዎ ልጄ። ነገ አንዲት እናት ከልቧ አጥፍቼዋለሁ ትልሃለች። ያጠፋችው የመኝታ ቤቱን ይሆናል። አልዋሸችህም፣ ተሳስታ ነው። ያንን ቴስተር ኪስህ ውስጥ የሰካኸው ለጌጥ ነው?»

እትዬ ቴስተር የሚለው ስም ያኔ ወጣ። እስከ ዛሬ አልሰሙም ብለን ነበር... ሰምተዋል? እሺ። ያወጣው ሹፌሩ ነው።

ከዚያ ደግሞ ያች ጥያቄያቸው አለች፤ «የማትችለው ሥራ ምንድን ነው?» የምትለው። «የማልችለው የለም» ያለ ሁሉ ሻንጣውን አንሥቶ ወጥቷል። እኛን ነባሮቹንም አልማሩንም። እኔን ሲጠይቁኝ ላብ አጠመቀኝና «ጠባብ ቦታ መግባት» አልኩ። «እሱንማ አይቼዋለሁ» ብለው አሳለፉኝ። የማይችለውን የሚያውቅ ሰው ሲቸግረው ደውሎ ይጠይቃል፣ ሁሉን እችላለሁ የሚለው ግን የሰው ቤት ላይ ይማራል፤ ይህን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

የስልካቸውንስ ነገር? አንዲት ደንበኛ ደውላ «ፈጣን ሰው ላኩልኝ» ትላለች። እትዬ ተደላድለው ይቀመጣሉ። «እህቴ፣ ፈጣን ሰው ከፈለግሽ እሳት አደጋ ደውይ። እኔ የምልክልሽ እሳት እንዳይነሣ የሚያደርገውን ነው። ሲመጣ ፈቃዱን በር ላይ ጠይቂው። ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ በሚገባሽ ቋንቋ ሳይነግርሽ ግድግዳሽን እንዳያስነካሽ። ሲጨርስ ከውስጥ ያወጣውን የተቃጠለ ዕቃ ያሳይሽ። ቅር ካለሽ ሌላ ሰው ጠርተሽ አስዪው፣ እኛ አንቀየምም።»

ሥራ አስኪያጃችን ከጎን ቆሞ ጭንቅላቱን ይይዛል። «እትዬ፣ ደንበኛ እያስተማሩ ነው ወይስ እያባረሩ?»

«እያስተማርኩ ነው። ደንበኛው መጠየቅ ሲያውቅ እናንተም መሥራት ታውቃላችሁ።»

እውነታቸውን ነበር። የሚጠይቅ ደንበኛ ቤት ስትሄድ ሌሊቱን ታጠናለህ። ያ የጠዋት ወረፋም ከሳ፣ ከሳ፣ አንድ ጠዋት በሩን ስንከፍት ማንም የለም። ሥራ አስኪያጃችን ደንግጦ «ምን ሆነናል? ማን ሞተ?» ብሎ ወጣ። እትዬ ቀና ሳይሉ «ቅሬታ ነው የሞተው፤ ና ሻይህን ጠጣ» አሉት።

አሁን የትልቁን ሕንፃ ቀን ልንገራችሁ። ያን ሥራ ባናገኝ ኖሮ ዛሬ ይህ አዳራሽም እኛም አንኖርም ነበር። ሕንፃው አርጅቷል፣ የየቤቱ መስመር ይፈተሽ ተብሏል፣ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ባለሙያ ሊመርጥ ምድር ቤቱ አዳራሽ ተሰብስቧል። እኛ ሥራ አስኪያጁ፣ እትዬና እኔ ሄድን። ከወዲያ በኩል ሌላ ድርጅት መጥቷል፤ የደንብ ልብሳቸው ዓይን ይወጋል፣ ጫማቸው ያብረቀርቃል። አለቃቸው ተነሥቶ «እኛ የዛሬን ሥራ ለነገ አናሳድርም» እያለና እየቀለደ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። እኔ የተቀዳደደ ጓንቴን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

የእትዬ ተራ ደረሰ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ለምን እናንተን እንመን?» አሏቸው።

«እኛን አትመኑ» አሉ እትዬ። ሥራ አስኪያጃችን ወንበሩ ላይ ሲያጥር አየሁት። «እነሱንም አትመኑ። የፈለጋችሁትን ሶኬት ስጡንና እያያችሁን እንክፈተው።»

ሰዉ ወደደው። ሰብሳቢው አንዱን የግድግዳ ሶኬት አሳዩ፣ ዘበኛው ወጥቶ ከመስመር ማጥፊያ ሰሌዳው ላይ አጠፋና ከውጭ «ጠፍቷል!» ብሎ ጮኸ። የዚያኛው ድርጅት ባለሙያ ቀደመ። እውነቱን ለመናገር እጁ ፈጣን ነው፤ ክዳኑን ከፈተ፣ ብሎኑን አላላ፣ ሽቦውን በጣቱ ሊስብ እጁን ሰደደ። እትዬ ከየት እንደደረሱ አላየሁም። እጅጌውን ጨብጠው ወደ ኋላ ሳቡት። «ቆይ ልጄ» አሉ፣ በዝግታ። ከደረት ኪሴ ቴስተሬን መዘዙና ሽቦው ላይ አሳረፉት።

በራ።

ለካ ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ የተጻፉት የመስመር ስሞች ተዛንፈው ኖሯል። ዘበኛው አልዋሸም፤ እሱ ያጠፋው የደረጃውን መብራት ነው። ያ ልጅ ጣቱን እያየ ፊቱ አመድ መሰለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይፎክራል። እትዬ ግን ወደ ሰዉ ዞረው «ይህን ልጅ እንዳትስቁበት። ሁላችሁም በዚህ ሶኬት ላይ ካውያ ስትሰኩ ኖራችኋል» አሉ። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው መወያየትም አላስፈለገው። ያን ጭብጨባ ዛሬም እሰማዋለሁ። ስንወጣ ሥራ አስኪያጃችን ጥቁሯን ቦርሳ ተሸክሞላቸው ነበር። ያችን ቦርሳ ከዚያ በፊት ለማንም ሰጥተው አያውቁም።

ያ ባለሙያ ዛሬ የት ይሆን ለምትሉ እንግዶች፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኤሊ የምንለው እሱ ነው። ኤሊ፣ ልናገረው? ራሱን ነቀነቀ፤ ተፈቅዷል።

ብዙም ሳይቆይ እኛ ጋ ሊቀጠር መጣ። ሁላችንም አጉረመረምን። «እትዬ፣ በዓይናችን ያየነውን ሰው?» አልን። «እናንተ አደጋን የምታውቁት እኔ ስለጮህኩባችሁ ነው። እሱ በጣቱ ሊያውቀው ሲል ተመልሷል። ግባ ልጄ» አሉት። ገባ። ያ መብረቅ የነበረ ሰውዬ እንዴት ሆነ መሰላችሁ? መስመሩን ያጠፋል፣ ይፈትሻል፣ ከዚያ ቴስተሩ ራሱ ይሠራ እንደሆን ሄዶ የሚሠራ ሶኬት ላይ ያየዋል፣ ተመልሶ እንደገና ይፈትሻል። አብረነው የሄድን ቀን ምሳ በእራት ሰዓት ነው። ስሙን በጉልበቱ ነው ያገኘው። ግን እስቲ አንድ ሰው ይነሣና ኤሊ የሠራው መስመር ተበላሸ ይበለኝ።

እሱ ግን ልቡ አላረፈም። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሆነን፣ እንዲሁ መንገዱን እያየ፣ «እትዬ የቀጠሩኝ አዝነውልኝ ነው እንጂ አምነውኝ አይደለም» አለኝ። «ተው እንጂ» አልኩት። እኔስ በምን አውቃለሁ? ለዚህ ነው ያች ጥያቄያችን፣ የእትዬን ቤት ማን ይሠራል የምትለው፣ ለእኛ ፉክክር ለእሱ ግን ሌላ ነገር የነበረችው።

ባለፈው ሰሞን ስልኩ ጮኸ፣ እኔ አነሣሁት። የእትዬ ልጅ ናት። «የማድ ቤታችን መስመር ኮንታክት አለው መሰለኝ፣ ምድጃ ስንለኩስ ይጠፋል። እናቴ ሰው ላኩልን ብላለች።» ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ ልክ እንደማያሳስበኝ ሆኜ፣ «ማንን እንላክ አሉ?» አልኩ።

«ተረኛውን።»

ተራውን አየሁ። ኤሊ ነው። «እህቴ፣ ተረኛው ኤሊ እኮ ነው። እስቲ ለማንኛውም እሳቸውን ጠይቂልኝ» አልኩ። ከጀርባዋ የእትዬ ድምፅ መጣ። «ተረኛውን አልኩ አይደል? ያ ረጅም ሰውዬ ስልኩን ይዝጋና ሥራውን ይሥራ።»

ዘጋሁ። ለኤሊ ስነግረው ሳቀብኝ፣ የምቀልድበት መስሎት። እውነት መሆኑን ሲያይ ሄዶ እጁን ታጠበ። ለምን እንደታጠበ አልጠየቅሁትም።

የቀረውን የነገረችን ልጃቸው ናት፤ ያው እዚያ ተቀምጣለች። እትዬ በሩን ከፍተው፣ ማድ ቤቱን አሳዩትና በዚያ ድምፃቸው «አጥፍቼዋለሁ፤ ንካው፣ አትስጋ» አሉት። ቴስተሩን አወጣ። ሳሎን ሄዶ በሚሠራው ሶኬት ቴስተሩን አየው፣ ተመልሶ መስመሩን ፈተሸ። እውነትም ጠፍቷል።

«አላመንከኝም?» አሉት።

«አላመንኩዎትም፣ እትዬ።»

እሳቸውም «እንግዲያው እኔ ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ልጃቸው ዓይኗን ማመን አልቻለችም። እናቷ ባለሙያ ቤት ውስጥ እያለ ቁጭ ብለው እንኳ አያውቁም። የውኃ ሠራተኛ ሲመጣ ከጀርባው ቆመው ነው፣ ቀለም ቀቢ ሲመጣ መሰላሉን ይዘው ነው። ያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ግድግዳቸው ተከፍቶ ሽቦው ወጥቶ፣ እትዬ ተኙ። ለይስሙላ መጋደም እንዳይመስላችሁ፤ ልጃቸው በቀስታ በሩን ገፋ አድርጋ አይታለች፣ ያንኮራፋሉ። ይቅርታ እትዬ፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ኤሊ የተቃጠለውን መገጣጠሚያ አገኘው፣ ለወጠው፣ የወጣውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ አስቀመጠ፣ ወለሉን ጠረገ። ከዚያ ሊሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። «ሲነሡ ላስረዳቸው» ብሎ ማድ ቤቱ በር ላይ፣ እንዳይቀሰቅሳቸው ትንፋሹን ቀንሶ፣ ተቀምጦ ጠበቀ። ማታ ቢሮ ሲመለስ «እንዴት ሆነ?» አልነው። «ተኙ» አለ። ዓይኑ ሞላ። ሹፌሩ እንኳ ሳይቀልድ ተነሥቶ ሻይ ቀዳለት።

እትዬ፣ እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ከመካከላችን ማንን ይመርጡ ይሆን እያልን ስንፎካከር ኖርን። እርስዎ ግን መርጠው የጨረሱት ያኔ ነው፣ ያች ኮሪደር ውስጥ፣ እያንዳንዳችንን ፈትነው ሲያሳልፉን። ከዚያ ወዲያ ተራው የማንም ይሁን የማን ለእርስዎ ያው ነው። ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ማን ሰጥቶን ያውቃል? ሥራ አስኪያጃችን የሰጠንን የግድግዳ ሽልማት ሁሉ ሰብስቤ ከእርስዎ አንዲት ቀትር እንቅልፍ ጋር ብመዝነው አይደርስም።

አመሰግናለሁ፣ እትዬ። ስለ ጮሁብን አመሰግናለሁ። ሻይ ስለ ከለከሉን አመሰግናለሁ። ሚስቴ ስወጣ «ደህና ግባ» ትለኛለች፤ በሰላም የምገባው በእርስዎ ፈተና መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ ዛሬ ሳምልኝ ብላለች። እንወድዎታለን። ይህን ሥራ ላይ እያሉ ብንልዎ «ወደ ሥራችሁ» ይሉን ነበርና ለዛሬ አቆየነው።

እርስዎ ሲሄዱ ማን ይፈትናል ብለው ለሚሰጉትም አንድ ነገር ልበል። የኮሪደሯ ሶኬት እዚያው ናት። ዛሬ ጠዋት አንድ አመልካች መጥቶ ነበር። ወረቀቱን ያገላበጠው፣ ለቀድሞ ደንበኞቹ የደወለው፣ ወደ ኮሪደሩ የወሰደው ኤሊ ነው። በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። «አጥፍቼዋለሁ፤ ንካው፣ አትስጋ» ሲል የእርስዎን ድምፅ ቁርጥ አድርጎ ወስዶታል። ማሩ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል።

በሉ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ። ሹፌር፣ ኬኩን ተወውና ብርጭቆ አንሣ። ሌላው ሰው ለጤናና ለዕድሜ ይመኛል፤ እኛም እንመኛለን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ከልጅዎ ጋር ብዙ ደስ የሚል ቀን ይዩ። ነገር ግን ይህ ብርጭቆ የሚነሣው ለሌላ ነገር ነው። ለእትዬ የቀትር እንቅልፍ እንጠጣ። ይተኙ፣ እትዬ። የሰዉ ቤት መስመር እጃችን ላይ ነው፤ አጥፍተነዋል ሲሉንም እንፈትሻለን።